አማቹ የተባለው ድንጋይ

ሥራዬ ሰው ሳያውቅ ሰውን መጠበቅ ነው። ነበር ልበል። መናኸሪያ፣ ሆስፒታል፣ ገበያ ሲሠራ ከሁሉም ቀድሞ ክፉ የሚያስብ ሰው ያስፈልጋል። "እዚህ ቦታ ላይ አንድ መጥፎ ሰው ቢመጣ ምን ያደርጋል?" ብሎ የሚጠይቅ። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ሌባ የሚደበቅበትን ጥግ አስቀራለሁ፣ መብራቱን ከፍ፣ ቁጥቋጦውን ዝቅ አስደርጋለሁ፣ መስኮቱን ወደ መንገዱ አዞራለሁ፣ ማንም በመኪና ተንደርድሮ ሰው መሀል እንዳይገባ መግቢያውን አጣምማለሁ።

"ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" ይባላል። የኔ ሙያ ደግሞ አጥሩ አጥር እንዳይመስል ማድረግ ነበር። ሰው አጥር ሲያይ ይፈራል፤ የፈራ ሰው ገበያ አይወጣም፣ ልጁን መናፈሻ አይወስድም። ስለዚህ አጥሩን የአበባ ሳጥን እናስመስለዋለን፣ መቀመጫ እናስመስለዋለን። ለጀማሪዎች ስልጠና ስሰጥ በመጀመሪያው ቀን የምናገረው የመጀመሪያው ነገር "ጥሩ ጥበቃ ማለት ጥበቃ የማይመስል ጥበቃ ነው" የሚል ነበር። ያጨበጭቡልኝ ነበር፣ ሞኞቹ። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ የሞኞቹ አለቃ።

እናቴ ቲማቲም ነጋዴ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ገበያ፣ በአንድ ቦታ፣ ከቧንቧው አጠገብ። እኔ የተማርኩት በቲማቲም ነው። ታናሽ እህቴን "ቁንዶ" እንላታለን፣ ከቁንዶ በርበሬ ወስደን፤ አጭር፣ ጥቁር፣ ድቡልቡል፣ የነካት የምታቃጥል። ትምህርቷን ከጨረሰች በኋላ ሥራ እስክታገኝ ድረስ እናቴን ታግዝ ነበር። "እስክታገኝ" አራት ዓመት ሞልቶት ነበር።

ሌሎች ቦታዎች ላይ ሰው ለመግደል መኪና እየነዱ ገበያ ውስጥ የሚገቡ ሰዎች ሲበዙ ማዘጋጃ ቤቱ ይህንን ገበያ እንዲያስጠብቅ ሥራውን ለመሥሪያ ቤታችን ሰጠ። እኔም የልጅነቴን ገበያ ለሌላ ሰው አሳልፌ የምሰጥ አይደለሁምና ተሻምቼ ወሰድኩት። በመንገዱ በኩል አሥራ አንድ የጥቁር ድንጋይ መቀመጫዎች ደረደርኩ። ላያቸው እስከ ጉልበት ነው፤ ተቀምጦ ጫማ ለማሰር ይመቻሉ። ከመሬት በታች ግን ከአንድ ሜትር በላይ በብረትና በኮንክሪት ሥር ሰደዋል። በመሀላቸው ሰውና የእጅ ጋሪ ያልፋል፣ መኪና አያልፍም።

ሰባተኛው ብቻ ይለያል። ጠዋት ጠዋት የአትክልት መኪናዎች ገብተው ማራገፍ አለባቸው፤ ስለዚህ ሰባተኛው ድንጋይ ሲገፉት በብረት ሳህን ላይ ወደ ጎን ይዞራል፣ መኪናው ይገባል፣ ይወጣል፣ ድንጋዩ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዚያ አውራ ጣት የሚወፍር፣ ክንድ የሚያህል የብረት መቀርቀሪያ በድንጋዩ ቀዳዳ ገብቶ መሬት ውስጥ ይሰካል። መቀርቀሪያው ከተሰካ የጭነት መኪና ቢመታውም አይነቃነቅም። እኔ ነኝ ያሰላሁት፣ ሦስት ጊዜ።

የፈረምኩት ወረቀት ላይ "የመዋቅሩ ዓላማ ለተጠቃሚዎች አይገለጽም" ይላል። ባይልም አልናገርም ነበር። እናቴ ፈሪ ናት፤ ጎማ ሲፈነዳ ሁለት ቀን ሆዷን ይረብሻታል። "እማዬ፣ እነዚህ ድንጋዮች ነፍሰ ገዳይ እንዳይገባ ነው የተተከሉት" ብላት ቲማቲሟን ትታ ቤት ትቀር ነበር። ስለዚህ ለሁሉም "መቀመጫ ነው፣ ሞተር ሳይክሎች እንዳያስቸግሯችሁም ነው" አልኳቸው። መረቁኝ። ለሠላሳ ዓመት በሳጥን ላይ ሲቀመጡ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

ነጋዴዎቹ ለድንጋዮቹ ስም አወጡላቸው። አራተኛው ትንሽ ሰፋ ስለሚል "ወፍራሙ" ተባለ። ጠዋት ፀሐይ ቀድሞ የሚያገኘው "ዕድለኛው" ተባለ። የሚንቀሳቀሰውን ስም ያወጣችለት ቁንዶ ናት። "አማቹ" አለችው። "ለምን?" ብላት "ካልገፉት አይሄድም፣ ከሄደም ተመልሶ ይመጣል" አለችኝ። ገበያው በሙሉ ሳቀ፤ ስሙም ጸደቀ።

በደንቡ አማቹን መክፈትና መዝጋት ያለበት የገበያው ጥበቃ ሠራተኛ ነበር። ጥበቃው ግን ሥራ የሚገባው ገበያው ሞቅ ካለ በኋላ ነው፣ መኪናዎቹ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ይደርሳሉ። ቆመው ሲጠብቁ ጎመኑ ይጠወልጋል። ነጋዴዎቹ አቤት ሲሉኝ መቀርቀሪያውን ለነሱ ልስጥ አልኩ። ማን ይያዘው? ከሁሉም ቀድሞ የሚደርስ፣ በሁሉም የሚታመን ሰው። እናቴ። ለማንም በጽሑፍ አላሳወቅኩም። እናቴም መኪናዎቹ ሲገቡ መቀርቀሪያውን ነቅላ በቅርጫቷ ውስጥ ከቲማቲሙ ሥር ታስቀምጠዋለች፤ ሲወጡ አውጥታ ትሰካዋለች።

አንድ እሁድ ቤት ውስጥ ልብስ እያጣጠፍን ሳለ ቁንዶ ድንገት ቀና አለችና "አንተ፣ ለመቀመጫ አንድ ሜትር ጉድጓድ ይቆፈራል እንዴ?" አለችኝ።

"ማን ነገረሽ?"

"ሲቆፍሩ አይቻለሁ። ዓይን አለኝ።"

ሳቅኩ። "ዝም ብለሽ ዝጊው" አልኳት። "አማቹን። የመጨረሻው መኪና እንደወጣ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ።"

"ለምን?"

"አቧራ ይገባል።"

"አቧራ በድንጋይ ይዘጋል?"

"ዝጊው አልኩሽ እኮ!"

ቆጣ ስል ገባት መሰለኝ፤ ምኑ እንደገባት እንጃ። ሸሚዜን አጣጥፋ እላዬ ላይ ወረወረችውና "እሺ፣ አቶ ምስጢር" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዎቹ ወጡ ሲባል እናቴን "ልዝጋው?" ማለት ልማዷ ሆነ። እናቴ ራሷ "ይቺ ልጅ ለአማቹ ያላትን ሐሳብ ለትዳር ብታደርገው" እያለች ትስቅባት ነበር።

ማክሰኞ ማለዳ ነበር። አንድ ነጭ ፒክአፕ ከዋናው መንገድ ታጥፎ፣ ፍጥነቱን ሳይቀንስ፣ በስድስተኛውና በስምንተኛው ድንጋይ መሀል ገባ። አራት ሰዎች ሞቱ። አንዷ ቁንዶ ናት። ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ምን ፈልጎ እንደነበረ ብዙ ተጽፏል። አላነበብኩትም። እናቴ ቧንቧው ጋ ቲማቲም እያጠበች ስለነበረ ጭረት እንኳ አልነካትም። "ምነው በነካኝ" ትላለች።

ተደውሎልኝ ስደርስ ከእህቴ በፊት ያየሁት ድንጋዩን ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አማቹ ወደ ጎን እንደዞረ፣ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ዓይኔ መጀመሪያ እሱ ላይ አረፈ፤ ከዚያ ነው ጫማዋን ያየሁት። ሙያ ሰውን እንደዚህ ያደርጋል፣ የተረገመ ነገር ነው። የእናቴን ዕቃ ስሰበስብ መቀርቀሪያውን ቅርጫቷ ውስጥ፣ ሁልጊዜ በምታስቀምጥበት ቦታ፣ ከቲማቲሙ ሥር አገኘሁት። በጋዜጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ያኔ ለምን እንደማደርገው አላወቅኩም ነበር።

ሊያጽናና የመጣው ሰው ቤቱን ሞላው። እናቴ ጥጉ ጋ ተቀምጣ ለገባው ሁሉ አንድ ታሪክ ትናገራለች።

"'እማዬ፣ አማቹን ልዝጋው?' አለችኝ። 'ተዪው የኔ ልጅ' አልኳት። 'ያ ሽንኩርት የሚያመጣው ሽማግሌ አልደረሰም፤ መኪናው ሲመጣ ወርዶ ድንጋዩን የሚገፋው እሱ ነው፣ ወገቡን ደግሞ ያመዋል። ይልቅ ተቀመጪና ትንሽ እረፊ።' ተቀመጠችልኝ። ብርቱካን ልጬ ሰጠኋት። 'እጅሽ ይባረክ' አለችኝ። እኔ ቲማቲሜን ላጥብ ሄድኩ።"

ሴቶቹ ያለቅሳሉ። "ታድለሽ" ይሏታል፣ "በመልካም ቃል ተለያያችሁ።"

"አዎ" ትላለች እናቴ። "ሁሌ እቆጣት ነበር። ያን ቀን አልተቆጣኋትም። አርፋ ነው የሞተችው።"

ከዚህ በቀር መጽናኛ አልነበራትም። ሌላው ሁሉ ተወስዶባታል፤ ይህ "ተቀመጪና ትንሽ እረፊ" የሚለው ቃል ብቻ ቀርቷታል። እንደ ጌጥ እያወጣች ታሳያቸዋለች። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ "ተዪው" ስትል በሰማሁ ቁጥር ቦርሳዬን ጠበቅ አድርጌ እይዛለሁ። ሁለት ቀን ውስጥ አርባ ጊዜ ሰምቻለሁ። አንድ ጎረቤት "ያ መኪና እኮ ግድግዳም አያቆመው፣ ያን ድንጋይ ገልብጦት ይገባ ነበር" ሲል እናቴ ራሷን በመስማማት ነቀነቀች። ለእሷ ድንጋይ ድንጋይ ነው፣ መቀመጫ። ልጇ ነግሯታላ።

በሦስተኛው ቀን አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ ጥያቄው በደብዳቤ ደረሰኝ። "ተሽከርካሪ ማገጃ ቁጥር ሰባት በዕለቱ ለምን ክፍት ሆነ?" ይላል። ኮሚቴው አማቹ የሚባል ነገር አያውቅም። ገበያው ማገጃ ቁጥር ሰባት የሚባል ነገር አያውቅም። ሁለቱን ስሞች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሁለቱ ስሞች የተገናኙ ቀን እናቴ ልጇን የገደለው መኪና በማን እጅ በተተወ በር እንደገባ ታውቃለች። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አታድርም።

ብቻዬን የማውቅ መስሎኝ ነበር። ጥበቃው ሊያጽናና መጣ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቀኝ፣ ረጅም፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚሄድ ሰው ነው። እናቴ አጠገብ ተቀምጦ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ተነስቶ ወደ ውጭ ጠቀሰኝ። ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ቆምን።

"ኢንጂነር፣ ሰማሁ" አለኝ።

"ምኑን ጋሼ?"

"እትዬ የሚሉትን ነዋ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አትበለኝ። ከሥራ አግደውኛል፤ በሚመጣው ሳምንት አርብ ኮሚቴው ፊት ትቀርባለህ ብለውኛል። 'በደንቡ መቀርቀሪያው ያንተ ነው፣ የት ነበር?' ቢሉኝ ምን ልበል?"

የቤቱን በር መለስ ብዬ አየሁ።

"የሳቸው ስም ከአፌ አይወጣም" አለ። "ልጃቸውን ቀብረው ገና እንባቸው ሳይደርቅ፣ እኔ ደግሞ በላዩ ይህንን? አላደርገውም። ግን ሦስት ልጆች አሉኝ ኢንጂነር። እስር ቤት ነው የሚሉት።"

"አውቃለሁ ጋሼ። እስከ አርብ ይታገሱኝ።"

ሊሄድ ዞረና ተመለሰ። "መቀመጫ ነው ብለኸን እኮ ነው" አለኝ። "በር ነው ብትለን ኖሮ እዚያው እያደርኩ እጠብቀው ነበር። ለናትህ ብትነግራቸው እንኳን ክፍት ሊተዉት፣ ላዩ ላይ ተቀምጠው ይውሉ ነበር። ምን ነበር ብትነግረን?"

ምን ነበር? እሱን ነው እስከ ዛሬ ራሴን የምጠይቀው። ከሌባ፣ ከነፍሰ ገዳይ፣ ከማንም ሰውረነዋል ብዬ የኮራሁበትን ነገር ክፉ ሰው አንድ ጊዜ አይቶ በየት በኩል እንደሚገባ ለየ። ያልለየችው እናቴ ብቻ ናት። ከጠላት የደበቅኩ መስሎኝ ከባለቤቱ ደበቅኩት።

ሰው ጥፋት ሲሸሽ "የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ" ይላል። እኔ የእምዬን ወደ ራሴ ለማምጣት ወሰንኩ። ከባድ አልነበረም፤ መጀመሪያውኑ የኔ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ፣ በምሳ ሰዓት፣ ወደማውቀው ብረታ ብረት ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ምሳ ሊበላ ሲወጣ "ትንሽ ነገር ልቁረጥ፣ አንተ ሂድ" አልኩት። መቀርቀሪያውን ከጋዜጣው አውጥቼ ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አሰርኩት። ተዘግቶ ሳለ ተሰበረ ለማለት የተሰበረ መቀርቀሪያ ያስፈልገኛል። በመዶሻ መታሁት። አልተሰበረም። ደግሜ መታሁት፤ መዶሻው ነጥሮ ተመለሰብኝ። በብረት መጋዝ እስከ ግማሹ ቆረጥኩት፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ። እንደገና መታሁት። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። እየመታሁ አለቀስኩ፤ ለእህቴ ያላለቀስኩትን ያህል አለቀስኩ። ጥሩ መቀርቀሪያ ነበር። በትክክል ነበር ያሰላሁት። ቢሰካ ኖሮ ቁንዶ ብርቱካኗን በልታ ትጨርስ ነበር።

የመጋዙን ፋና በሞረድ አጠፋሁና ስብርባሪውን ይዤ ወጣሁ።

አርብ ወደ ኮሚቴው ስወጣ እናቴ "ስለ ልጄ ከሆነ እኔም እመጣለሁ" ብላ ነበር። "እማዬ፣ የብረትና የሲሚንቶ ወሬ ነው፣ ትሰለቻለሽ" ብዬ አስቀረኋት። ለእሷ መዋሸት በዚያ ሳምንት እንደ መተንፈስ ቀሎኝ ነበር።

የኮሚቴው ሰብሳቢ የዩኒቨርሲቲ መምህሬ ነበሩ። ተማሪ ሳለን "ማስመሪያው" ነበር የምንላቸው፣ ማስመሪያ ከእጃቸው ስለማይለይ። አሁንም አርጅተው ከፊታቸው አንድ የብረት ማስመሪያ ተቀምጧል። ረጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት ሰዎች፣ የሚንቀጫቀጭ የጣሪያ ማራገቢያ። ጥበቃው ከኋላዬ ባለው ወንበር ላይ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

"ማገጃ ቁጥር ሰባት ክፍት አልነበረም" አልኩ። "ተዘግቶ ነበር። ሲመታ መቀርቀሪያው ተሰብሮ ነው የዞረው። ስብርባሪውን ከቦታው ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ መቀርቀሪያውን ቀጭን አድርጌ ሠራሁት። ጥበቃው ጥፋት የለበትም።"

"ማን እንደዘጋው በምን አወቅክ?" አለ አንዱ።

"እህቴ ናት ሁልጊዜ የምትዘጋው። ዝጊው ብዬ ያዘዝኳት እኔ ነኝ።" ይህቺ የመጨረሻዋ እንኳ እውነት ነበረች።

ማስመሪያው ፊታቸው ያስቀመጥኩትን ስብርባሪ አንስተው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት። የተሰበረውን ፊት በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ዳሰሱት። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ተመልሶ ያንኑ ቦታ ዳሰሰ። ቀና ብለው አዩኝ።

"በመኪና ግጭት የተሰበረ ብረትና በሌላ ነገር የተሰበረ ብረት እንዴት እንደሚለዩ ያስተማርኩህ መቼ ነበር?" አሉኝ።

"ሦስተኛ ዓመት፣ ሁለተኛው መንፈቅ።"

"ምን አመጣህ?"

"ኤ።"

ማራገቢያው ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል። ማስመሪያው ብረቱን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብለው አስቀመጡት፣ የተኛ ሕፃን እንደማስቀመጥ። "ልጅቷ እህትህ ነበረች አሉ" አሉኝ።

"አዎ።"

"እናት አለቻችሁ?"

"አለችን።"

የብረት ማስመሪያቸውን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካከሉ። "እንግዲያው ስለምትናገረው ነገር እርግጠኛ ነህ" አሉኝ፤ ጥያቄ አልነበረም።

"እርግጠኛ ነኝ።"

ለጸሐፊዋ "ተሰበረ ብለሽ ጻፊ" አሏት። የሙያ ፈቃዴ ተሰረዘ። በሌሎች ገበያዎች የተከልኳቸው ደህና መቀርቀሪያዎች ሁሉ ተነቅለው በአዲስ እንዲተኩ ታዘዘ። አማቹም ዳግመኛ እንዳይዞር በሲሚንቶ ተደፈነ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጥበቃው ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ከበሩ ስንወጣ ጨበጠኝና እጄን ለመልቀቅ አቃተው።

እናቴ ወሬውን ከጎረቤት ሰማች። "ምን አጥፍተህ ነው ያባረሩህ?" አለችኝ።

"ብረት አቅጥኜ ሠራሁ።"

"በብረት ሰው ይባረራል እንዴ? እነዚህ ሰዎች እግዜርን አይፈሩም!" ብላ ስለኔ ተቆጣች። ያ ቁጣዋ ደስ አለኝ። አለፈልን ብዬ አሰብኩ።

ከሁለት ወር በኋላ "ቤት ውስጥ እያየኋት አልችልም፣ ገበያዬ ይሻለኛል" አለች። ሥራ የለኝምና ሳጥኖቿን ተሸክሜ አብሬያት ሄድኩ። ሰው ተቀበላት፣ አለቀሰላት፣ ቦታዋን አጽድተው ጠብቀዋት ነበር። ቲማቲሟን ደርድራ ስታበቃ አረፍ ለማለት ወደ ድንጋዮቹ መጣች።

አንድ የጎመን መኪና ከመንገዱ ወደ ኋላ እየሄደ ነበር። ሾፌሩ ከረዳቱ ጋር ይጨቃጨቃል፣ መስታወቱን አያይም። ሰው ሁሉ "ኧረ ቁም! ቁም!" አለ። መኪናው ሙሉ ጭነቱን ይዞ ከወፍራሙ ጋር ተላተመ። ጓ! አለና ቀጥ ብሎ ቆመ። ጎመኖች ተንከባለሉ። የመኪናው የኋላ ብረት ታጥፎ ወደ ውስጥ ገባ። ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም።

ሾፌሩ ወርዶ እየተሳደበ ነው። ሰው ይስቃል። እኔ የማየው እናቴን ብቻ ነው። ጠጋ አለችና መኪናው የመታውን ቦታ በመዳፏ ዳሰሰችው። የታጠፈውን ብረት አየች። ድንጋዩን አየች። ከዚያ ቀና ብላ በረድፉ ላይ አሻግራ አየች፣ ወፍራሙን፣ ቀጥሎ ያለውን፣ እስከ አማቹ ድረስ። ቀስ እያለች ሄደችና በሲሚንቶ የተደፈነው አማች ፊት ቆመች። ተከተልኳት።

"ሁሉም እንዲህ ናቸው?" አለችኝ፣ ሳትዞር።

"ምናቸው?"

"መኪና ያቆማሉ?"

"የአማቹ መቀርቀሪያ ደካማ ነበር እማዬ" አልኳት በጥድፊያ። "ተሰብሮ ነው። ለሱ ነው ያባረሩኝ። የኔ ጥፋት ነው።"

አላየችኝም። "እህ" አለች ብቻ። ቀኑን ሙሉ ቲማቲም ሸጠች፣ መልስ መለሰች፣ ሰው ስትመርቅ ሰማኋት።

ቤት እንደገባን ቅርጫቷን መሬት ላይ አስቀመጠችና ከፊቱ ቁጭ አለች። ባዶ ነበር። እጇን ሰደደችና ከታች፣ መቀርቀሪያውን ሁልጊዜ ታስቀምጥበት የነበረውን ቦታ፣ ዳሰሰችው። ያን ማክሰኞ እዚያ እንዳስቀመጠችው ታስታውሳለች። ጥግ ጥጉን በጣቷ ፈለገች። አንዴ። ደግማ። ከዚያ ቀና ብላ በሩ ላይ የቆምኩትን እኔን አየችኝ። ቅርጫቱን ደፍታው ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ታሪኩን መናገር አቆመች። ሰው ሲመጣ "እንዴት ነሽ?" ይላታል፣ "ደህና ነኝ" ትላለች። ስለ ቁንዶ ካነሱባት ውሃ ልታመጣ ትነሳለች። ሌሊቱ ሲነጋ ዓይኗ እንደተከፈተ አገኘዋለሁ። ልነግራት አልቻልኩም፤ ልትነግረኝ አልቻለችም። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች አንድን ነገር እየተሸሸግን ኖርን። እንዲህ ያለውን ኑሮ እኔ ነኝ ያስተማርኳት።

በአራተኛው ወር የእናቴ ታላቅ እህት መጣች። ታማ ተኝታ ስለነበር ለቀብር አልደረሰችም፤ አሁንም በምርኩዝ ነው። ሁለቱ ተቃቅፈው ብዙ አለቀሱ። ሲረጋጉ አክስቴ የእናቴን እጅ ይዛ "በሞቴ ንገሪኝ" አለቻት። "መጨረሻ ላይ ምን ተባባላችሁ? አንድ የምይዘው ነገር ስጪኝ።"

ልነሳ አልኩ። እናቴ "ተቀመጥ" አለችኝ። ተቀመጥኩ።

"'እማዬ፣ አማቹን ልዝጋው?' አለችኝ" አለች እናቴ። የነጠላዋን ጫፍ ጠመዘዘችው፣ ፈታችው፣ እንደገና ጠመዘዘችው። "'ዝጊው የኔ ልጅ' አልኳት።"

አርባ ጊዜ የሰማሁት ታሪክ ነው። "ዝጊው" የሚል ቃል አንድም ጊዜ አልነበረበትም።

"ዘጋችው" አለች። ድምፏ ቀጥ ያለ ነበር። "ታዛዥ ልጅ ነበረች። ብርቱካን ልጬ ሰጠኋት። እኔ ቲማቲሜን ላጥብ ሄድኩ።"

ስለ ሽንኩርት ሽማግሌው ወገብ አላነሳችም። "ተቀመጪና ትንሽ እረፊ" የሚለውን አላለችውም። የቀራትን አንድ መልካም ቃል ከታሪኩ ውስጥ ነቅላ ጥላዋለች።

አክስቴ "ታድለሽ" ብላ አለቀሰች። እናቴ ግን እሷን አላየቻትም። ዞራ እኔን አየችኝ፣ በቦታው ያልነበርኩትን እኔን።

"እንደዚህ ነበር፣ አይደል ልጄ?" አለችኝ።

"አዎ እማዬ" አልኳት። "'ዝጊው' ብለሻታል።"